የጋይስለር ቱቦ የማን ነው?

ወንድሜ፣ «የጋይስለር ቱቦ በማን ስም ነው የተሰየመው? ሰውየው ሳይንቲስት ነበር ወይስ ብርጭቆ ሠሪ ብቻ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። የጋይስለር ቱቦ ማለት አየሩ ወጥቶ ጥቂት ጋዝ የቀረበት፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚያበራ የታሸገ የብርጭቆ ቱቦ ነው። እነዚህን ቱቦዎች ስገጥም፣ ሳበራና ሲበላሹ ስጥል ዓመታት ሆኖኛል። አዎ፣ ብርጭቆ ሠሪ ነበር። «ብቻ» የሚለው ግን ሥራውን በእጁ ያልሞከረ ሰው ነው።

ሃይንሪሽ ጋይስለር እ.ኤ.አ. በ1814 በጀርመን፣ ቱሪንጊያ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡም በብርጭቆ ሥራ የሚተዳደር ነበር። በኋላ ቦን ከተማ ወርክሾፕ ከፍቶ ለተመራማሪዎች ቴርሞሜትርና ሌሎች መለኪያዎችን ይሠራ ጀመር። የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዩሊየስ ፕሉከር ደንበኛው ሆነ።

ፕሉከር በቱቦ ውስጥ በሳሳ ጋዝ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ፈለገ። ጋዙ ለምን መሳሳት አለበት? አየሩ ጥቅጥቅ ካለ ኤሌክትሮኑ መርካቶ መሀል እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ ፍጥነት ሳያገኝ ከአንዱ ጋር ይጋጫል። አየሩን የሚያወጡት የዘመኑ ባለ ፒስተን ፓምፖች ደግሞ አየር መልሰው ያስገቡ ነበር። ጋይስለር በ1855 አካባቢ ፒስተኑን አስቀረው። ሜርኩሪ (ፈሳሽ ብረት) የያዘ ዕቃ ከፍ ዝቅ ሲደረግ ሜርኩሪው ራሱ አየሩን እየገፋ ያስወጣል። በ1857 ቱቦዎቹ ደረሱ።

ለእኔ ግን ትልቁ ጥበብ ኤሌክትሪኩን የሚያስገባው ሽቦ ብርጭቆውን የሚያልፍባት ቦታ ላይ ነው። ብርጭቆና ብረት ሲሞቁ እኩል ካልተለጠጡ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። በዚያ ዘመን የሚያዋጣው ፕላቲኒየም የሚባለው ብረት ነበር፤ መለጠጡ ከብርጭቆው ጋር ይቀራረባል። በአንድ የኒዮን ቱቦ ላይ ጉዳዩን በዓይኔ አይቻለሁ። ብርቱካናማ ቀይ የነበረው ብርሃን እያደር ወደ ሐምራዊ ሄደ። አጉሊ መነጽር ስናስጠጋ ሽቦው ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። አየር ገብቶ በውስጡ ያለው የናይትሮጅን ቀለም ኒዮኑን እየዋጠው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ አልበራ አለ። ይህ እንግዲህ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ነው! ጋይስለር በእሳትና በትንፋሹ ነበር የሚሠራው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሮጠ። ፕሉከር ከካቶዱ (ከኤሌክትሪኩ ኔጌቲቭ ጫፍ) አጠገብ ብርጭቆው አረንጓዴ ሲያበራ፣ ብርሃኑም በማግኔት ቦታ ሲቀይር አየ። ተማሪው ሂቶርፍ በ1869 ከካቶዱ የሚወጣው ጨረር መንገዱ ላይ ባለ ነገር ሲጋረድ ጥላ እንደሚጥል አሳየ። ሮንትገን በ1895 ኤክስሬይን፣ ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ያገኙት በዚሁ ቱቦ ዝርያዎች ነው። የኒዮን ማስታወቂያውም ከዚሁ ዘር ነው።

ቱቦዎቹን በጋይስለር ስም የጠራቸው ፕሉከር ራሱ ነው። ፕሮፌሰር ለእጅ ባለሙያው ስም ሲለቅ ብዙ አይታይም፣ ይመሰገናል። የቦን ዩኒቨርሲቲ በ1868 ለጋይስለር የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በ1879 እዚያው ቦን አረፈ።

ቱቦውን ለማየት ከፈለግክ ግን ራስህ ልሥራው አትበል፣ ቮልቴጁ ከፍተኛ ነው። ቤትህ ፍሎረሰንት ካለ አሮጌ ሲዲ ከመብራቱ ሥር አዘንብለህ ተመልከት። ሲዲው ብርሃኑን በየቀለሙ ይለያየዋል፤ ተነጥላ የምትታየው አረንጓዴ መስመር በመብራቱ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ተን ናት። በኤልኢዲ አምፖልም ሞክረውና ልዩነቱን እዚህ ጻፍልን።