ከተርሚኔተር ፊልሞች ደካማው የቱ ነው? የኔ መልስ አምስተኛው ነው

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ታናሽ ወንድሜ ተርሚኔተርን ጨርሶ አላየም። አብረን ልናይ ነው፤ ስድስቱንም ለማየት ግን ጊዜ የለንም። ከሁሉም ደካማው የቱ ነው? እኔ አርኖልድ የሌለበትን አራተኛውን እንዝለል ባይ ነኝ። ጓደኞቼ ደግሞ የመጨረሻውን ዝለሉ ይላሉ።»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ይታዩ። መዝለል ካለባችሁ አምስተኛውን ዝለሉ፤ በ2015 የወጣውን «ጄኒሲስ»ን ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን መጨረሻም ስለምናገር ያላየ ሰው አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሁለተኛውን ነው፤ ሰፈራችን በነበረ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚሰማ አልነበረም ማለት ይቻላል። ታሪኩ ግን ገብቶናል። አንድ ልጅ አለ፤ ሊገድለው የመጣ አለ፤ የሚጠብቀው አለ፤ እናቱ ደግሞ ማንንም አታምንም። በቃ። ጠባቂው ማሽን ወደ ቀለጠው ብረት ሲወርድ ያለቀሱ ልጆች ነበሩ። ዓመታት አልፈው «ጄኒሲስ»ን ከአጎቴ ልጅ ጋር ሳይ እንግሊዝኛው ለሁለታችንም ችግር አልነበረም። እሱ ግን በየመሃሉ እያስቆመኝ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» «አሁን ያለነው የትኛው ጊዜ ላይ ነው?» ይለኛል። የቀድሞዎቹን አይቷቸዋል እኮ!

መወሳሰቡ ብቻውን ግን ደካማ አያሰኘውም። ተወሳስበውም አንጀት የሚያርሱ ፊልሞች አሉ። የኔ መለኪያ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች የቆሙበትን መሠረት ያፈረሰው የቱ ነው? እኔ የምጠይቀው ይህን ነው።

መሠረቱን ለማየት ወደ 1984 እንመለስ። ጄምስ ካሜሮን ያኔ ስሙ ገና ያልወጣ ዳይሬክተር ነበር። ፊልሙ የተሠራው በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለሆሊዉድ ትንሽ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ታሪክ በሌሊት፣ በጎዳና ላይና በመኪና ውስጥ ያልቃል። ሣራ ኮነር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ምግብ ቤት የምታስተናግድ ወጣት ናት። ምንም የተለየ ነገር የላትም። ከወደፊት ሊገድላት የተላከው፣ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር የሚጫወተው ሰው መሳይ ማሽን ስሟን ከስልክ ማውጫ ላይ ያገኝና ሣራ ኮነር የሚባሉትን ሴቶች በተራ መግደል ይጀምራል። እሷ ይህን በዜና ትሰማለች። ፖሊስ ይደርስላታል፤ ማሽኑ ግን ጣቢያው ድረስ ይመጣል። በሁለተኛው ፊልም እንደሚነገረው በዚያች ሌሊት 17 ፖሊሶች ገድሏል። እንግዲህ ማን ያድናታል?

ያላት ካይል ሪስ ብቻ ነው። ካይል ከ2029 የመጣ ወታደር ነው። የሣራ ልጅ ጆን ኮነር፣ ወደፊት ሰዎችን እየመራ ማሽኖቹን የሚዋጋው፣ የእናቱን አንድ ፎቶ ሰጥቶት ነበር። ፎቶውን እያየ ወደዳት። መመለሻ እንደሌለው እያወቀ በገዛ ፈቃዱ መጣ። አጭር ጊዜ አብረው አሳለፉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እሷ ልጁን ጆንን አርግዛ ወደ ሜክሲኮ መንዳት ጀመረች። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ አንድ ልጅ ፎቶ ያነሳታል። ካይል የወደደው ፎቶ ያ ነው። ሰውየው በፎቶው ላይ ምን እያሰበች እንደሆነ ሲያሰላስል ነበር የኖረው። ለካ እሱን ነበር የምታስበው። እኔ በሳይንስ ልቦለድ ፊልም ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ታሪክ አላየሁም። ተዋናዮቹ ማይክል ቢን እና ሊንዳ ሃሚልተን ያን በጥቂት ትዕይንት ነው የሠሩት።

በ1991 ሁለተኛው መጣ። መቶ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፤ 4 ኦስካር ወሰደ። ገንዘቡ ቢያድግም ሕጉ አልተቀየረም። ማይልስ ዳይሰን የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራው የሰው ልጅ መጥፊያ እንደሚሆን ሲነገረው የዕድሜ ልክ ልፋቱን ለማውደም ይስማማል። ተመትቶ ወድቆም ፖሊሶቹ ክፍሉን ለቀው እስኪወጡ ፍንዳታውን ያቆያል። በመጨረሻ በዚህኛው ፊልም ጆንን የሚጠብቀው ማሽን ራሱን ማጥፋት ስለማይችል ሣራ ወደ ብረቱ እንድታወርደው ይጠይቃል። በነዚህ ሁለት ፊልሞች ውስጥ ነገ የሚገዛው በነፍስ ነው። የሚተርፍ ሰው ካለ የሞተለት አለ።

አሁን «ጄኒሲስ» ምን እንዳደረገ እንይ።

አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የ2029ን ውጊያ ያሳየናል። የ1984ን ሌሊት እንደገና ይሠራዋል። ያረጀው አርኖልድ በኮምፒውተር ከተሠራው ወጣት አርኖልድ ጋር ሲደባደብ ማየት ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሣራን ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለች በ1973 አንድ ማሽን አድኗታል። «ፖፕስ» ብላ ትጠራዋለች፤ አባባ እንደማለት ነው። እሱ አሳድጓታል፣ አሠልጥኗታል። ካይል ሲመጣ የምታድነው እሷ ናት። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሣራን ሣራ ያደረጋት ነገር ጠፋ። ያቺ ትሪ ይዛ የምትሮጥ አስተናጋጅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወታደር ስትሆን ያየነው አሁን የለም። አዲሷ ሣራ ኤሚሊያ ክላርክ ስትመጣ ሁሉን ጨርሳ ነው። መሣሪያ ትይዛለች፣ ታዛለች፣ አትፈራም። የማትፈራን ሰው ምን ብለን እንፍራላት?

ፍቅሩ ደግሞ ባሰ። በዚህ ፊልም ሣራ ካይልን መውደድ እንዳለባት አስቀድሞ ተነግሯታል። ልጃቸው እንዲወለድ የግድ አብረው መሆን አለባቸው። ፖፕስ ራሱ ይህን ጉዳይ እያነሳ ይጠይቃቸዋል፤ ለማሳቅ ተብሎ ነው የገባው። በፎቶ ላይ የጀመረው፣ በሞት ያበቃው ያ ታሪክ መቀለጃ ሲሆን ማየት ከባድ ነው። አዲሱ ካይል ጃይ ኮርትኒ ጠንካራና ጤናማ ወጣት ነው። የመጀመሪያው ካይል ግን የተራበ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰውነቱ በጠባሳ የተሞላ ሰው ነበር። ከፍርስራሽ ውስጥ እንደመጣ ዓይኑ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ የማይዋጥልኝ ግን ጆን ነው። ፊልሙ ጆን ኮነርን ራሱን ማሽን አድርጎ ጠላት አደረገው። ካይል የሞተው ለማን ነበር? ዳይሰንስ? የቪዲዮ ቤቱ ልጆች ያለቀስንለት ማሽንስ? ሁሉም ጆን እንዲኖር ነው። ይህን ልጅ አባትና እናቱን ሊገድል የሚያሳድድ ጭራቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ከባድ ምክንያት ይጠይቃል። እናትየው ልጇን ስትዋጋ ምን ይሰማታል? ፊልሙ እዚያ ላይ አይቆምም። ቶሎ ብሎ ወደ ጎልደን ጌት ድልድይ ይወስደንና አውቶቡስ ይገለብጣል። ተሳፋሪዎቹ ደግሞ ብዙም ሳይጎዱ ይወጣሉ። ይባስ ብሎ ይህን ምስጢር ማስታወቂያው ቀድሞ አወጣው። ዳይሬክተሩ አለን ቴይለርም በዚያ ደስተኛ እንዳልነበረ ተናግሯል።

በመጨረሻ ማንም አይከፍልም። ፖፕስ የሞተ ይመስላል፤ ወዲያው ፈሳሽ ብረት ውስጥ ገብቶ ከበፊቱ በልጦ ይመለሳል። ሦስቱም ተቃቅፈው ይሄዳሉ። ፖፕስን ማን እንደላከው እንኳ አይነገረንም። ለሚቀጥሉት ሁለት ክፍሎች አቆይተውት ነበር። ክፍሎቹ ለ2017 እና ለ2018 ታቅደው ሳይሠሩ ቀሩ። ስለዚህ የፊልሙ ትልቁ ጥያቄ ያለ መልስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አሁን ወደ አንተ ምርጫ ልምጣ። በ2009 የወጣው «ሳልቬሽን» ጉድለት አለበት፤ እስማማለሁ። ማሽኖቹን የሚመራው ኮምፒውተር፣ ስካይኔት፣ ካይል ሪስን በእጁ አስገብቶ አለመግደሉ በፍጹም አያሳምንም። መጨረሻው ላይ በረሃ መሃል የሚደረገው የልብ ንቅለ ተከላም እንዲሁ። ነገር ግን ጦርነቱን በቀን ብርሃን ያሳየን የመጀመሪያው ፊልም ነው። ከዚያ በፊት የምናየው የካይልን ቅዠትና ጥቂት ብልጭታ ብቻ ነበር። አንቶን ዬልቺን ደግሞ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወጣቱን ካይል ሆኖ የሠራበት መንገድ ድንቅ ነው። ማርከስ የተባለው ሰው ጠመንጃውን በገመድ ከክንዱ ጋር እንዴት እንደሚያስር ያሳየዋል። ካይል በ1984 መሣሪያውን እንዴት እንደያዘ አስታውስ። ይህ ታሪኩን በሚወድ ሰው የተጨመረ ነገር ነው። ማርከስም በመጨረሻ ልቡን ሰጥቶ ይሞታል። አፈጻጸሙ ደካማ ነው፤ የሚያምንበት ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ያመኑበት ነው።

ጓደኞችህ በ2019ኙ «ዳርክ ፌት» የተናደዱበትን ምክንያት አውቃለሁ። ገና ሲጀምር ጆን ይገደላል፤ ልጅ እያለ፣ እናቱ ፊት። እኔም ሳየው አመመኝ። ቢሆንም ሞቱ ተከብሯል። ፊልሙ በሙሉ በዚያ ሐዘን ላይ ነው የተሠራው። ሊንዳ ሃሚልተን ከ60 ዓመቷ በኋላ ተመልሳ ያን ሐዘን ተሸክማ ስትራመድ እዩ። ገዳዩ ማሽን ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻውን ይቀራል። ከአንዲት እናትና ልጇ ጋር መኖር ይጀምራል። ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ሲገባው ከሣራ ምን እንደወሰደ ይረዳል። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ማሽኖች የሚመጡበትን ቦታ በስልክ መልእክት ይልክላታል፤ መልእክቱንም «ለጆን» ብሎ ይቋጫል። መጨረሻ ላይ ከወደፊት የመጣችው ወታደር ግሬስ ትሞታለች፣ እሱም ይሞታል። ከሁለተኛው ፊልም ወዲህ መሥዋዕትነት እንዲህ ከብዶ አያውቅም።

«ስድስተኛው እኮ ከስሯል» የሚል ይመጣል። እውነት ነው። 185 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 261 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ማስታወቂያውና የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲቀነስ ኪሳራ ነው። «ጄኒሲስ» 440 ሚሊዮን አስገብቷል። ከዚያ ውስጥ ከ110 ሚሊዮን በላይ የመጣው ከቻይና ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ያገኘው ወደ 90 ሚሊዮን ነው። እኔ እንደማስበው ግን የስድስተኛው ኪሳራ በከፊል የአምስተኛው ዕዳ ነው። ሰው ከአራት ዓመት በፊት ሲኒማ ገብቶ ተስፋ ቆርጦ ወጥቷል። ደግሞ ሌላ ተርሚኔተር ሲባል ቤቱ ቀረ።

ሦስተኛውን ማንም አላነሳም። የ2003ቱ ፊልም ቀልዱ ይበዛል። መጨረሻው ግን ደፋር ነው። ጆን ስካይኔትን ሊያጠፋ ወደ ተራራው ይሄዳል፤ የሚያገኘው ያረጀ መጠለያ ነው። የሚጠፋ ማዕከል የለም። ቦምቦቹ ይወነጨፋሉ፤ እሱም የሬዲዮ ጥሪውን ያነሳል። ለዚያ መጨረሻ ሲባል ብቻ መታየት አለበት።

ስለዚህ ከወንድምህ ጋር አንደኛውንና ሁለተኛውን በተለያየ ምሽት እዩ። ስድስተኛውን ከሁለተኛው አስከትሉ፤ ታሪኩ በቀጥታ የሚቀጥለው ከዚያ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ሦስተኛውንና አራተኛውን እዩ። አንድ ነገር አደራ፦ እኔ እንዳደረግኩት ሁለተኛውን አስቀድሞ እንዳያይ። ካሜሮን የሁለተኛውን መጀመሪያ የሠራው አርኖልድ ሊገድል የመጣ እንዲመስለን አድርጎ ነው። የፖሊስ ልብስ የለበሰው ሌላው ማሽን፣ ሮበርት ፓትሪክ፣ ደግሞ ትሑትና ጨዋ ነው። ገበያ ማዕከሉ ኮሪደር ላይ ሁለቱም ከጆን ጋር እስኪገናኙ ድረስ እውነቱ አይወጣም። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ብቻ ነው እዚያ ጋ ልቡ የሚቆመው።