ድንጋይ ላይ የቆመችው ወፍ

ልጆቼ፣

ሥዕልና ዲዛይን የምትማሩ ልጆች «ሥራዬ ኩረጃ ነው መሰለኝ» ብላችሁ ስትጨነቁ እሰማለሁ። ያኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠግነው የኖርኩት ሸክላ ትዝ ይለኛል። የእንግሊዝ ዴልፍት ይባላል፤ ነጭ ቅብ ተቀብቶ ሥዕል የሚሳልበት ሸክላ ነው።

በ1620ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለንደን ሳውዝዋርክ፣ ክርስቲያን ዊልሄልም የሚባል ሰው ሸክላ ቤት ነበረው። እዚያ ድንጋይ ላይ የቆመች ወፍ በሰማያዊ ይሳል ነበር። ወፏ የቻይና ናት፤ በመርከብ ከመጣ፣ በቻይናው ንጉሠ ነገሥት በዋንሊ ዘመን ከተሠራ ዕቃ ላይ የተቀዳች።

ቻይናዎቹ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ነበራቸው። በ1300 ዲግሪ አካባቢ ያቃጥሉታል። የለንደኖቹ እጅ ላይ ያለው ግን ተራ ሸክላ ነው። ስለዚህ እርሳስ ከሚባለው ብረት በሚሠራው፣ ሲቃጠል እንደ መስታወት በሚያበራው ቅብ ላይ የተቃጠለ ቆርቆሮ ጨመሩበትና ነጭ አደረጉት። ይህም ቢሆን ከሌላ የመጣ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኢራቅ ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ነጭ ዕቃ ለመምሰል ሲጥሩ የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ቻይናዎቹስ ቢሆኑ? ለሰማያዊው ቀለም የሚሆነውን ኮባልት የሚባል ማዕድን በመጀመሪያ ከፋርስ ነበር የሚያስመጡት። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ እንኳ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው።

እንግዲህ ሁሉም ከሌላ ቀድቷል፤ እናንተም ኮርጁ። ኮርጁ ስላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አይደለም። ዓይናችሁ ይሥራ።

ያልተቃጠለ ቅብ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ነው። ብሩሹ ገና ሲነካው ቀለሙን ምጥጥ ያደርገዋል። መሰረዝ የለም፣ መደለዝ የለም። ለዚህ ነው መስመሮቹ ፈጣን የሆኑት። የወፏ እግር ሦስት ጭረት ነው፣ በቃ።

ወጣት ሳለሁ አንድ ሳህን ተሰጠኝ። ሣር መሐል የተቀመጠ ቻይናዊ አለበት። የእጅጌው መስመር መሐል ላይ ይቋረጣል። ቀለሙ የተፋቀ መስሎኝ በቀጭን ብሩሽ ቀጠልኩት። ኮራሁም። አለቃዬ መጥታ ምንም ሳትናገር ማጉያ መነጽር ሰጠችኝ። ሳየው ቅቡ እዚያ ቦታ ላይ አንድም ጭረት የለውም፣ እንዳለ ያበራል። የተፋቀ ነገር የለም። ሠዓሊው ራሱ ብሩሹን አንስቶ ነው ያለፈው። ከ300 ዓመት በፊት የሆነ ሰው «እዚህ ይብቃ» ያለበትን ቦታ እኔ ሞልቼበት! የጨመርኩትን በጥጥ ስጠርግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ስትኮርጁ ዋናውን ከጎናችሁ አስቀምጡ። ስትጨርሱ ሁለቱን አስተያዩ። እጃችሁ የት ጋ እንቢ እንዳለ ፈልጉ። የመጀመሪያ ስሜታችሁ እሱን ማረም ይሆናል። አትቸኩሉ፤ አንድ ሳምንት ግድግዳ ላይ ስቀሉትና እዩት።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ላይኛው ፎቅ ውጡ። ሴራሚኩ እዚያ ነው። የዴልፍት ሳህኖቹን ጠርዝ ጠርዛቸውን እዩ። ነጩ ቅብ ተፈንክቶ ከሥሩ የለንደን አፈር ብቅ ብሏል።