መልስ፦ ከደሴ ሆኜ አሜሪካ ኮሌጅ ለማመልከት ኤጀንት የግድ ነው?
አብሽሪ እህቴ፣ ኤጀንት ምን ሊያረግልሽ። 40 ሺህ ብር አምጪ ያለሽ ሰውዬ የሚሞላው ያው ኮመን አፕን (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጅ የሚመለከትበት ድረገፅ) ነው፣ እሱን ደሞ ራስሽ በነፃ አካውንት ከፍተሽ እስከ 20 ኮሌጅ ታመለክቻለሽ፣ የማመልከቻው ክፍያ ካቃተሽ ፊ ዌቨር (ክፍያው እንዲቀርልሽ) ጠይቂ። ፋፍሳን (የአሜሪካ መንግስት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ፎርም) እርሺው፣ በዋናነት ለዜጎቻቸውና ግሪን ካርድ ላላቸው ነው። ላንቺ ብዙ ኮሌጆች የሚጠይቁሽ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ኮሌጆቹ ራሳቸው ለሚሰጡት የገንዘብ እርዳታ የሚሞላ ፎርም) ነው፣ እዛ ላይ የቤተሰብ ገቢ ይሞላል፣ የኔ አባት ሀይቅ ገበሬ ነው ደሞዝ የሚባል የለውም፣ ከቀበሌ ማህተም ያለው ወረቀት አፅፌ አስተርጉሜ ላክሁ። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የመክፈል አቅምሽን አይተው አይጥሉሽም፣ መግባቱ ግን ጉድ ነው፣ ትናንሾቹን ኮሌጆችም ጨምሪ። ምክር ከፈለግሽ ኢዱኬሽን ዩኤስኤ (የአሜሪካ መንግስት የትምህርት ምክር አገልግሎት) አለልሽ። እኔ ፒያሳ አንዱ ቢሮ ብሬን በልቶኝ ነው ይሄን ያወቅሁት 😅