«መፍታት» እና «ማስፈታት»፦ ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ለሚወያዩ የሐዋሳ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፤

ባለፈው ቅዳሜ ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር በበይነ መረብ ስትወያዩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጫችኋለሁ። ብዙ ያስደሰተኝ ነገር ነበር፤ ሌሊቱን ሲመላለስብኝ ያደረው ግን አንድ አነጋገር ነው። ተራችሁ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ «እኛ የኒውክሌር መሣሪያ የሌለን አገር ነን፤ የመጣነው ለመማር ነው» ብላችሁ ጀመራችሁ። ትሕትናችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ እንግዳ ሆና አታውቅም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1961፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን 1653ኛውን ውሳኔ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ይህን ረቂቅ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች፤ ይሁንና ድምፅ ከመስጠቷ ከ25 ቀን በፊት 50 ሜጋቶን ያህል ኃይል ያለውን፣ እስከ ዛሬ ከፈነዱት ሁሉ የሚበልጠውን ቦምብ አፈንድታ ነበር። በውሳኔው መግቢያ ላይ ከተጠቀሱት የቀድሞ ስምምነቶች አንዱ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው። ጣሊያን ያንን ፕሮቶኮል ፈርማና አጽድቃ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ያፈገፍግ በነበረው ሠራዊታችን ላይ በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበችበት። እንግዲህ ረቂቁን ያቀረቡት ሰዎች ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ብቻ አንብበው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመትም በጄኔቫ በተቋቋመው የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ውስጥ ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች።

ከዚያ ውሳኔ እኔ አብልጬ የምወደው አንድ አንቀጽ አለ። የኒውክሌር ጦርነት በጠላት ላይ ብቻ የሚቃጣ ሳይሆን በሰው ልጅ በሙሉ ላይ የሚቃጣ ነው፤ በጦርነቱ የሌሉበት ሕዝቦች ሳይቀሩ መከራውን ይቀበላሉና ይላል። «እናንተን ምን አገባችሁ?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ደግሞም የራሳችን አገር ያቀረበችው ነው።

ሌላው ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ቃል ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአስተርጓሚነት ነው። ገና ወጣት ሳለሁ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ልዑክ «ግዴታ አለባቸው» ያሉትን እኔ «ቢያደርጉ መልካም ነው» በሚል መንፈስ አስተላለፍኩት። በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፣ እኔ ግዴታ አልኩ፤ አንተ ግን ልመና አስመሰልክብኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰነድ ሳነብ ግሱን ሁለት ጊዜ ሳላይ አላልፍም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በሥራ ላይ የዋለው የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የተደረገው ስምምነት በ6ኛው አንቀጹ፣ አባል አገሮች በሙሉ ስለ ትጥቅ መፍታት በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያስገድዳል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደግሞ በጁላይ 1996 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ግዴታው መደራደር ብቻ ሳይሆን ድርድሩን ከፍጻሜ ማድረስም ጭምር እንደሆነ ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ተናግረዋል። ዛሬም ዘጠኝ አገሮች በድምሩ ከ12,000 በላይ የኒውክሌር አረሮች ይዘዋል፤ ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው በሩሲያና በአሜሪካ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በ122 አገሮች ድምፅ የጸደቀውን መሣሪያውን ፈጽሞ የሚከለክለውን ስምምነት የወለደው ግዴታው እስኪፈጸም የተጠበቀበት ዘመን መርዘም ነው። ከባለ መሣሪያዎቹ አንዳቸውም አልገቡበትም።

በውይይቱ መካከል አንዲት የሁለተኛ ዓመት የግብርና ተማሪ ደብተሯን ለሁለት ከፍላ በአንዱ ወገን «መፍታት»፣ በሌላው «ማስፈታት» ብላ ስትጽፍ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት «ጋሼ፣ ሁሉም የሚያወሩት ሌላውን ስለ ማስፈታት ነው፤ እፈታለሁ ያለ እስካሁን የለም» አለችኝ። በብዙ ጉባኤ ተቀምጬ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ ያስቀመጠልኝ ሰው አላጋጠመኝም። አማርኛችን በአንዲት «ማስ» የሚለየውን ነገር ዲፕሎማቶች በብዙ ገጽ ይሸፋፍኑታል። ይህን ለውጭ ጓደኞቻችሁ አስረዷቸው፤ ከእናንተ ካልሆነ ከማንም አይሰሙትም።

አንደኛው እንግዳ «ዩክሬን መሣሪያውን ባታስረክብ ኖሮ አትወረርም ነበር» ሲል ዝም አላችሁ። ጥያቄው ከባድ ነውና ዝምታችሁን አልነቅፍም፤ ግን ተዘጋጁበት። ከሶቪየት ኅብረት የወረሰችውን መሣሪያ ስታስረክብ ዳር ድንበሯ እንዲከበር እ.ኤ.አ. በ1994 በቡዳፔስት የተሰጣት ዋስትና እንዳልተከበረ በግልጽ እመኑ። መሣሪያው በምድሯ ቢሆንም የማስወንጨፊያው ቁጥጥር በሞስኮ እጅ እንደነበርም ተናገሩ። ከዚያ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ አምጡ፤ ስድስት ቦምብ ሠርታ ራሷ አፈረሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 መሣሪያው እንዳይስፋፋ ወደተደረገው ስምምነት ገባች፤ ተቆጣጣሪዎችም መጥተው አረጋገጡ። ይህ በእውነት «መፍታት» ነው። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ ያደረገው ስምምነትም ስሙን የወሰደው ከፕሪቶሪያ ብዙም ከማይርቀው ከፔሊንዳባ ነው።

ፕሪቶሪያን ሳነሳ ወደ ልባችሁ የሚመጣውን አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ስለ ራሳችን ልጆች ትጥቅ መፍታት የሚናገር ነበር። ከእናንተ አንዱ ከስብሰባው በኋላ «በገዛ አገራችን ይህ ሁሉ ደም ፈስሶ ስለ ሩቅ ቦምብ ብንናገር ማን ይሰማናል?» ብሎ ጠይቆኛል። ልጄ፣ እኔ ግን ተናገር እልሃለሁ። ጠመንጃውን ያስቀመጠ ሰው «ማን ይጠብቀኛል? ያኛውስ መፍታቱን በምን አውቃለሁ?» ብሎ እንደሚጠይቅ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። በጄኔቫና በቪየና «ዋስትና» እና «ማረጋገጥ» እየተባለ የሚያከራክረው ይኸው ጥያቄ ነው። ቁስላችሁን ሳትደብቁ ከእርሱ ተነሥታችሁ ብትናገሩ፣ የተሸመደደ ንግግር ከሚያቀርብ ሰው ይልቅ ትሰማላችሁ።

መስማትን በተመለከተ ከሩቅ መምህር አያስፈልጋችሁም። የሲዳማ አባቶች ለጉዳይ ሲቀመጡ «አፊኒ?»፣ ማለትም «ሰማችሁ ወይ?» ሳይባባሉ ወደ ፍርድ አይሄዱም። መሣሪያ ካለው አገር የመጣው ወጣት «ሰላም የጠበቀልን እርሱ ነው» ሲላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ፍርሃቱን በራሱ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ «እንዲህ ማለትህ ነው?» በሉት። ከሂሮሺማ ወይም ከናጋሳኪ የተረፈ ሰው ቢቀርብላችሁ ደግሞ ለጥያቄ አትቸኩሉ። በሂሮሺማ ብቻ እስከ እ.ኤ.አ. 1945 መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው የተራፊዎቹ ማኅበር አባላት ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ ያንን ቀን በዓይኑ ካየ ሰው አፍ የምትሰሙበት ጊዜ አጭር ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የ1653ኛውን ውሳኔ የመጀመሪያ አንቀጽ ግማሾቻችሁ ወደ አማርኛ፣ ግማሾቻችሁ ወደ ሲዳምኛ ተርጉማችሁ አምጡልኝ። መብራት ቢጠፋም በእጅ ጻፉት። እኔ አማርኛውን አርማለሁ፤ ሲዳምኛውን የሚያርም አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ለምኜ እሺ ብለውኛል። ግሶቹ ላይ ግን አስቀድማችሁ እናንተው ተከራከሩባቸው።