ሳይክልና መኪና በአንድ አስፋልት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ሥራ የምሄደው በሳይክል። ባጃጁም አይሱዙውም ጆሮዬ ሥር ክላክስ እያንባረቀ፣ ልብሴን ታክኮኝ ያልፋል። ጥጉን ይዤ ስነዳ አሸዋና ጉድጓድ አለ። ትንሽ ገባ ስል ስድብ ይወርድብኛል። ባለፈው መብራት ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር ልንደባደብ ምንም አልቀረንም። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገባ ማለትህ ልክ ነው። ብዙ ሾፌር ሳይክል የሚነዳ ሰው ጥጉን ሙጭጭ ብሎ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። ጥጉን ስትይዝ ግን ከኋላህ ያለው «ያሳልፈኛል» ብሎ ጎንህ ይገባል፣ ጉድጓዱ ድንገት ሲመጣብህ ደግሞ የምትሸሸው ወደ እሱ ጎማ ነው። ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ገባ በል። ቀጥ ብለህ፣ ሳትዋዥቅ ንዳ። ያኔ ሾፌሩ ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን አይቶ በደንብ ርቆ ይደርብሃል።

ምን ያህል ይራቅ? ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሳይክል የሚደርብ መኪና ከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር እንዲርቅ በትራፊክ ደንባቸው ተቀምጧል። 1.5 ሜትር በእኛ መለኪያ ሦስት ክንድ ቢሆን ነው። ሾፌሮች ይቺን ያዙልኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ትጓዛለች። ሳይክል ነጂው ከጉድጓድ ለማምለጥ ትንሽ ዘወር ቢል እግራችሁ ፍሬን ሳይነካ ደርሳችሁበታል። ክላክስም ከሆነ ገና ከሩቅ አንዴ ጢጥ ማድረግ ይበቃል። ጆሮው ሥር ስታንባርቁበት ደንግጦ መሪው ይዞርበታል።

ጸቡን ግን ተወው። ደምህ ፈልቶ መብራት ላይ ብትሰዳደብ ያ ሾፌር ቀጥሎ የሚያገኘውን ሳይክል በንዴት ነው የሚያልፈው። ታርጋውን፣ ባጃጅ ከሆነ የጎን ቁጥሩን ያዝ። ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈህ ለትራፊክ ፖሊስ አመልክት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሚኒባስ እነዳለሁ። የኮሪደሩ ልማት ለሳይክል ነጂዎች መስመር ሠርቶላቸው አሁንም አስፋልቱ ላይ ናቸው። መብራት ይጥሳሉ፣ በተቃራኒ ይመጣሉ፣ ማታ መብራት የላቸውም። አደጋ ሲደርስ ግን ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ማታ ያለ መብራት መንዳትና በተቃራኒ መምጣት ላይ መቶ በመቶ ካንተ ጋር ነኝ። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ዋናው የሚገባ ሾፌር መኪና ይመጣበታል ብሎ የሚያየው ወደ ግራ ነው፣ በቀኝ በኩል በተቃራኒ የሚመጣውን ሳይክል ከየት ያምጣው? ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የሌለው ሰው ማታ ባይነዳ ይሻለዋል።

መስመሩ ባለበት በመስመሩ መሄድ አለባቸው። ግን አንዳንዴ ወርደህ እየው፦ እግረኛ ይሄድበታል፣ መኪና ይቆምበታል፣ ሞተር ሳይክል ይገባበታል። ከዚያ ድንገት ያልቅና ሰውየው አስፋልቱ ላይ ይገኛል። እዚያ ላይ ተቀበለው።

ስለ ተጠያቂነቱ፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ላደረሰው ጉዳት ካሳ ኃላፊው ባለቤቱ ነው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ነጻ ሊወጣ ይችላል። እኔ ይህን ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ስትጋጩ ያንተ መኪና ቀለሟ ይላጣል፣ የእሱ አጥንት ነው የሚሰበረው።

አሁን የእኔ ተራ ነው፣ እባክህ አትቀየመኝ። «ወራጅ አለ!» ሲባል ያለ ፍሬቻ ወደ ዳር የምትጠመዘዙት ነገር ሰው ይገድላል። መጀመሪያ የቀኙን ስፖኪዮ እይ። ረዳትህም በሩን ከመክፈቱ በፊት አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ይይ። ለቤት መኪና ነጂዎችም አንድ ነገር ልጨምር፦ በሩን ለበሩ በሚርቀው እጃችሁ ክፈቱ። ሾፌር በቀኙ፣ አጠገቡ የተቀመጠው በግራው። ሰውነታችሁ ሳትፈልጉ ይዞርና ዓይናችሁ ከኋላ የሚመጣውን ያያል። ሆላንዶች እንዲህ ነው የሚለማመዱት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነን። የ12 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት በሳይክል ልሂድ እያለ ያስቸግረኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ፈትኚው። በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መታጠፊያ ማሳየት፣ ሳይዋዥቅ ዞር ብሎ ኋላውን ማየት ከቻለ ደህና ነው። ከዚያ እሑድ ጠዋት መንገዱን አብራችሁ ሂዱበት። ባጃጅ የሚበዛበት መገናኛ ላይ ወርዶ ሳይክሉን እየገፋ ይሻገር። ሄልሜት ግዢለት፣ በጆሮ ማዳመጫ መንዳትን ከልክዪው። ፍሬኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ራሱ ይሞክረው፣ የፊቱንም የኋላውንም።