የድሮ ፈረሰኞች ፊልም፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ደብዳቤዎቻችሁ ከጉግስ ወጥተው የፈረንጅ የድሮ ፊልም ውስጥ ገብተዋል። በፊልሙ የምታዩት የፈረስ ውድድር ኢቨንቲንግ ይባላል። አንድ ፈረሰኛ በአንድ ፈረስ ሦስት ጊዜ ይፈተናል፦ በሥርዓተ እርምጃ፣ በአገር አቋራጭ ግልቢያና በሜዳ ዝላይ። የሚደመረው ጥፋት ስለሆነ አሸናፊው ነጥቡ ያነሰው ነው።

ከዳንግላ፦ የ1920ዎቹ ፈረሶች እግራቸው እንደ ስፌት መኪና የሚሮጠው ለምንድን ነው?

የፈጠነው ፊልሙ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ16 እስከ 18 ምስል ይቀረጽ ነበር፤ በ24 ወይም በ25 ሲታይ ሁሉም ይሯሯጣል። አንዱን የፊት እግር መርጠው መሬት ሲረግጥ ይቁጠሩ። በሽምጥ ግልቢያ በ10 ሰከንድ ከ18 እስከ 20 ያህል መሆን አለበት። 27 ካገኙ የስልክዎን ማጫወቻ ወደ 0.75 ያውርዱት።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሴቶች ይወዳደሩ ነበር?

አዎ። ባድሚንተን በሚባለው የእንግሊዝ የኢቨንቲንግ ውድድር በ1950ዎቹ አሸንፈዋል፤ በኦሊምፒክ ግን እስከ 1964 ቶኪዮ ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ከቡሬ፦ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዳማውን ከጥቁሩ እንዴት ልለይ?

በመልኩ አይለዩትም፤ የጥንቱ ፊልም ቀይን ስለማያይ ዳማው ይጠቁራል። የግንባሩን ነጭና የእግሩን ነጭ ይያዙ።

ከፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት፦ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ እንደገና የሚጋልበው ሰውዬ ጀግና አይደለም ወይ? እኛስ ለምን እንከለከላለን?

ያኔ ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ ፈረሱ እምቢ ሲል 20፣ ፈረሰኛው ሲወድቅ 60 ነጥብ ይቆጠርበትና ይቀጥላል። በ1960 ሮም አውስትራሊያዊው ቢል ሮይክሮፍት ወድቆ በአንገቱና በትከሻው መሃል ያለው አጥንት ተሰብሮ ሳለ በማግስቱ ዘሎ ቡድኑን ለወርቅ አብቅቷል። ወንድነቱን አልክድም። አንተ ግን ፊልሙን ቀስ አድርገህ እየው፤ የአገጭ ማሰሪያ የሌለው ቆብ ከሰውዬው ቀድሞ ይበርራል፣ መሬቱን የሚያገኘው ባዶ ራስ ነው። ዛሬ በአገር አቋራጭ የወደቀ ወዲያው ይሰናበታል። ራሱን የተመታ ሰው ቢስቅም ቢፎክርም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ካስመለሰው፣ ከደነዘዘ ወይም አንድ ጥያቄ ከደጋገመ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት። ሌሊቱን ተኝቶ ይሻለዋል የሚል ሽማግሌ ካለ አትስማው።

ከኮሶበር፦ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ፊልም ከትልቁ ግልቢያ በፊት አራት አምስት ሰው ፈረሱን ከቦ ያጥበዋል። ምንድን ነው? ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓላችን ይጠቅመናል?

እንዴታ! ብዙው ሰው ይህቺን ዘልሎ ወደ ዝላዩ ይሮጣል እንጂ ከፊልሙ ሁሉ ለባለፈረስ የምትጠቅመው እሷ ናት። በአገር አቋራጩ ቀን ፈረሱ መጀመሪያ ረጅም ሶምሶማ ይሄዳል፣ ከዚያ በደቂቃ 690 ሜትር መሰናክል እየዘለለ ይጋልባል፣ እንደገና ሶምሶማ። ቀጥሎ ያ እጥበት የሚደረግበት የ10 ደቂቃ እረፍት፤ የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ ወይ ወደ አገር አቋራጩ ያሳልፈዋል ወይ ያስቀረዋል። ኦሊምፒክ ይህን ረጅም ፈተና የተወው በ2004 አቴንስ ነው።

የሰዎቹን እጅ ይከተሉ። የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ ይላላል፤ ፈረሱ አይገተርም፣ በቀስታ ይዞራል፤ አንዱ ጎኑን እያየ ትንፋሽ ይቆጥራል። አንድ ነገር ግን አይቅዱ። የድሮ ባልደራሶች ቀዝቃዛ ውሃ ታፋውን ያደርቀዋል ብለው ስለሚፈሩ አንገቱንና ጭኖቹ መሃል ብቻ በስፖንጅ ያርሳሉ፣ የሚጠጣውንም በጉንጭ ይለኩለታል። ለ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ የተደረገው ጥናት ፍርሃቱን ከንቱ አደረገው። ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይያዙ፤ ታፋውን ጨምሮ ያርሱት፣ ያዙሩት፣ እንደገና ያርሱት። ከጠማው ይጠጣ።

ከዚያ የደም ሥሩን ይፈልጉ፤ ከመንጋጋው አጥንት በታችኛው ጠርዝ፣ በአውራ ጣት ሳይሆን በሁለቱ ጣቶች። 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ያረፈ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከግልቢያው ግማሽ ሰዓት አልፎም ከ64 በላይ ከሆነ በዚያ ቀን ኮርቻ አይጫንበት። ታፋው እንደ ግንድ ከደረቀ ወይም ሽንቱ ቡና ከመሰለ አንድ እርምጃ እንኳ አያስኬዱት፤ የእንስሳት ሐኪሙ ፈረሱ ወዳለበት ይምጣ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እየጎተቱ ክሊኒክ ማድረስ ራሱ ጡንቻውን ይጨርሰዋል።

ከሞጣ፦ ፈረሴ መዝለል እምቢ አለ፤ ፊልሙን ባሳየው ይለምዳል?

አይለምድም። መሬት ላይ አንድ እንጨት ያጋድሙና በእርምጃ ያሻግሩት።