ባንክ ወይስ የዝናብ መዝገብ?

ውድ ጠያቂዬ፣ ከአራት ኪሎ በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ ሁለት ሥራ እንደቀረበልሽ ጽፈሻል። አንዱ በባንክ ቋሚ ቅጥር ነው፤ ሌላው የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችን ምልከታ መሠረት አድርጎ አገሪቱን በእኩል ካሬዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ የዝናብና የሙቀት መጠን በሚያሰላ ፕሮጀክት ውስጥ የሁለት ዓመት ኮንትራት ነው። «የመጀመሪያዎቹን ወራት የድሮ መዝገብ ሳጣራ እንደምቆይ ተነገረኝ፤ ለዚህ ነው ወይ የተማርኩት?» ያልሽው ነገር ስላልተዋጠልኝ አብዛኛውን መልሴን ለእሱ እሰጣለሁ።

በጣቢያዎች መካከል ያለውን ቦታ የሚገምተው ስሌት፣ ለቅርብ ጣቢያ የበለጠ ክብደት የሚሰጠው በርቀት መመዘንም ሆነ ክሪጊንግ የተባለው የስታቲስቲክስ ዘዴ፣ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በጥቂት መስመር የሚጻፍ ነው፤ ትጉህ ተመራቂ በወራት ይለምደዋል። ስሌቱ የማያውቀው የገባለት ቁጥር እውነት መሆኑን ነው። የዝናብ መለኪያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲነበብ የሚመዘገበው ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ ስለሆነ፣ አንዱ ጣቢያ በንባቡ ቀን፣ ጎረቤቱ ደግሞ በዋዜማው ቀን ከጻፈው፣ አንዱ ዝናብ በካርታው ላይ ሁለት ቀን ዘንቦ ይገኛል። ታዛቢው ታሞ ባዶ የተወው ረድፍ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ዜሮ ከሆነማ፣ ጣቢያ በሳሳበት ቆላ ያ ሐሰተኛ ዜሮ በዙሪያው ያለውን ሰፊ አካባቢ ያደርቀዋል። የሰብል መድን ካሳ በዚህ ካርታ ላይ ተመሥርቶ ሲወሰን የሚደርሰውን አስቢው። ከፍታም እንዲሁ ነው፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ ሙቀት ደግሞ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። የጣቢያው ከፍታ ተሳስቶ ቢጻፍ ስሌቱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያማረ የሐሰት ካርታ ያወጣል።

«ሳተላይት እያለ» የሚሉሽም አይጠፉም። ሳተላይት በአብዛኛው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ ስለሚገምት፣ በተራራ ላይ ከዝቅተኛ ደመና የሚጥለውን ዝናብ ያሳንሰዋል። የአገራችን የሜትሮሎጂ ተቋም ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ኢናክትስ በተባለው ሥራ የሳተላይቱን ግምት ከጣቢያ መዝገብ ጋር ያዋሐደው፣ መዝገቡንም አስቀድሞ ያጣራው ለዚህ ነው። (እኔ ረጅሙን ዘመኔን የቆጠራ ቅጽ ሳርም ስለኖርኩ ዳኝነቴ ወደዚህ ቢያጋድል አትደነቂ።)

አባትሽ «ባንክ ቋሚ ነው፤ የወንድሞችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይችላል?» ማለታቸውን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ አባትሽ እየመረጡ ያሉት የቤቱን ወርኃዊ ገቢ እንጂ የአንቺን ሙያ አይደለም። ነውር የለውም፤ ነገር ግን የሙያ ምክር ተብሎ አይቅረብልሽ። የኮንትራቱ ደመወዝ ከባንኩ እንደማያንስ ራስሽ ጽፈሻል። ስለዚህ ለቤት በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ስጪ፣ ኮንትራቱ ለሚያልቅበት ጊዜም የጥቂት ወራት ወጪ አስቀምጪ፤ ከዚያ በላይ ስትጠየቂ «አይሆንም» ማለትን ልመጂ።

ሜትሮሎጂ አለመማርሽ አያስጨንቅሽ፤ ከባልደረቦችሽ ትማሪዋለሽ። ያሰብሽው የውጭ አገር ማስተርስም ሁለት ዓመት ቢቆይ የሚጎድልብሽ የለም።

ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ታዛቢዎች በእጃቸው የሞሉትን ቅጽ ማየት ይፈቀድልኛል ወይ? ካርታው የሚፈተንባቸው፣ ከስሌቱ ውጭ የሚቀመጡ ጣቢያዎችስ አሉ ወይ? ቅጹን ማየት አይቻልም ካሉሽ የባንኩን ሥራ ያዢ።